«አንዴ ላስቸግርህ?» የሚሉኝን ባልደረቦች እንዴት እንደያዝኳቸው

ሪፖርት ስጽፍ በየአስር ደቂቃው አንድ ሰው ጠረጴዛዬ ጋ ይመጣል። «አንዴ ላስቸግርህ?» ጥያቄው ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የሚጎዳኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የት እንደደረስኩ ስለሚጠፋኝ እንደገና ከላይ ጀምሬ አነባለሁ።

መጀመሪያ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። አልሠራም፤ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኝ ጀመር።

ከዚያ ማን ለምን እንደመጣ ለአንድ ሳምንት ወረቀት ላይ ያዝኩ። ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። አብዛኛው ጥያቄ ያው ነው፦ ፋይሉ የት አለ? ይህን የሚያጸድቀው ማነው? መልሶቹን አንድ ገጽ ላይ ጽፌ ሁሉም የሚከፍተው ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩ። ግማሹ ጣጣ በዚሁ አለቀ።

ለቀረው እያንዳንዳቸውን ለብቻ አናገርኩ። «ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት እጽፋለሁ። 5 ሰዓት ላይ እኔው እመጣልሃለሁ። የሚያጣድፍ ነገር ካለ ግን ና።» ማንም አልተቀየመም። ቁም ነገሩ በሰዓቱ መሄዴ ነው፤ አንድ ቀን ብቀር ማን ያምነኛል?

እንዲያም ሆኖ መሃል ላይ የሚመጣ አይጠፋም። ያኔ ቀጥሎ የምጽፈውን በሁለት ቃል ጫር አድርጌ ነው ቀና የምለው። ስመለስ ከዚያው እቀጥላለሁ።

አለቃዬን ገና አላናገርኳቸውም።