ከሥር የሚሞቅ ውሃ ሲተረማመስ በዓይን እንዴት ማየት ይቻላል?

ውሃ ከሥሩ ሲሞቅ የታችኛው ክፍል ይሰፋል፣ ይቀላል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ያለው ቀዝቃዛው ደግሞ ስለሚከብድ ይወርዳል። ልዩነቱ ሲበረታ ይህ ምልልስ መስመሩን ይስትና ትርምስ ይሆናል። ይህን ለማየት ላብራቶሪ መግባት አያስፈልግም።

ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ግልጽ ዕቃ፣ ሰፊ ትሪ፣ ሙቅ ውሃ፣ የምግብ ቀለም፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ቱቦ የተሰካበት ሲሪንጅና የስልክ መብራት ይበቃል። ክብ ዕቃ ብርሃኑን ስለሚያጣምም ባትጠቀሙ ይሻላል።

ዕቃውን ትሪው ላይ በትናንሽ ድጋፎች ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉበትና ግማሽ ሰዓት አትንኩት። ይህቺን ነገር እንዳትዘሏት! ሲቀዳ የተነሳው እንቅስቃሴ ካልሞተ፣ የምታዩት የሙቀቱ ሥራ ይሁን የቀጂው አይለይም።

ከዚያ ቀለሙን በሲሪንጁ ቀስ ብላችሁ ወለሉ ላይ አስተኙት። ሙቅ ውሃ ትሪው ውስጥ ጨምሩ፤ የዕቃውን ሥር ይንካ። የፈላ ግን አይሁን፣ መስታወት ይሰነጥቃል።

መጀመሪያ ምንም የሌለ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ እዚህም እዚያም ያብጣል። ካበጠበት ቀጭን ክር ይነሳል፤ ወደ ላይ ሲሄድ አናቱ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል። ቀጥሎ የሚነሳው ሌላ ቦታ ነው። አንዱ ሌላውን ይገፋል፣ ይጠልፋል፣ ይቀላቀላል። የቱ ጋ እንደሚነሳ አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ለእኔ ደስ የሚለውም ይሄ ነው።

ቀለሙ ሲደበዝዝ ክፍሉን አጨልሙ። ከአንድ ሜትር ያህል ርቀት የስልኩን መብራት አብሩበት፣ ከዕቃው ኋላ ነጭ ወረቀት አቁሙ። ብርሃን በሙቅና በቀዝቃዛ ውሃ መካከል ሲያልፍ ስለሚታጠፍ፣ ወረቀቱ ላይ የሚርገበገቡ ጥላዎች ይወጣሉ።

አሁን በ5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ድገሙት። እንቅስቃሴው በግልጽ ይቀንሳል። እንግሊዛዊው ፊዚሲስት ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1916 ያወጣው ስሌት ምክንያቱን ይነግረናል። ስሌቱ ሙቀቱ ውሃውን ምን ያህል አበርትቶ እንደሚያንቀሳቅስ የሚያሳይ ቁጥር ይሰጣል። በታችና በላይ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፤ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ግን 8 እጥፍ ያድጋል። ከላይም ከታችም በጠጣር ገጽ የተዘጋ ውሃ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ቁጥሩ 1708 ሲደርስ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ላይ የ10 ዲግሪ ልዩነት ካለ ቁጥሩ ከ100 ሚሊዮን ያልፋል። ስለዚህ ትርምስ ከፈለጋችሁ ሙቀት ከመጨመር ውሃ ጨምሩ።

ቴርሞሜትር ካላችሁ መሃል ላይ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ለኩ። ንባቡ ብዙም አይለያይም። ትልቁ የሙቀት ልዩነት ያለው ወለሉን ተጠግቶ፣ ክሮቹ በሚነሱበት ስስ ንብርብር ውስጥ ነው።