ወደ ሎስት ሆርስ የወርቅ ማውጫ፦ የጆሹዋ ትሪን በረሃ በእግር መዞር

በካሊፎርኒያ ጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የሎስት ሆርስ ዙሪያ መንገድ 10.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ አካባቢ የሚኖር ሰው ማልዶ ከተነሣ በአንድ ቀን ደርሶት ሊመለስ ይችላል። እስከ ማዕድን ማውጫው ያለው የመጀመሪያ 3.2 ኪሎ ሜትር ቀስ እያለ የሚወጣ ሰፊ መንገድ ስለሆነ ተጓዡን ያዘናጋል፤ አድካሚው ክፍል የሚጀምረው ከማውጫው በኋላ ነው። ስለዚህ ስንቅም ሆነ ውሃ የሚለካው በዚያኛው ክፍል ነው።

ተስማሚው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ማለቂያ ነው። በአሜሪካ በጋ፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍና በመንገዱ ላይ የረባ ጥላ ስለሌለ፣ በእነዚያ ወራት ባይሞከር ይሻላል። በአሜሪካ ክረምት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ደግሞ ጀንበር ስትጠልቅ ቅዝቃዜው ድንገት ስለሚመጣ ሹራብ መያዝ ያስፈልጋል።

በመንገዱም ሆነ በመኪና ማቆሚያው ውሃ የለም። ለአንድ ሰው ለቀኑ 4 ሊትር ያህል ከከተማ ሳይወጡ ተሞልቶ ይያዝ፤ ከዚህ ላይ የተወሰነው ለመመለሻ መኪና ውስጥ ይቅር። ላብ ጨውንም ይዞ ስለሚወጣ ጨው የነካው ቆሎ ከጣፋጭ ብስኩት ይልቅ ይረዳል። የስልክ ኔትወርክ በአብዛኛው ስለማይሠራ ካርታውን አስቀድሞ ስልክ ላይ ማውረድ፣ የመመለሻውንም ሰዓት እቤት ለቀረ ሰው መንገር ተገቢ ነው። ውሻ በእግር መንገዱ ላይ አይፈቀድም።

ከኪይስ ቪው ጎዳና ተገንጥሎ የሚሄደው የጥርጊያ መንገድ መኪና ማቆሚያው ዘንድ ያደርሳል። ከዚያ የቀድሞውን የፈረስ ጋሪ መንገድ ይዞ ወደ ማውጫው መውጣት ይሻላል፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገለጻል።

ማውጫው ዘንድ ሲደርሱ በአጥር ተከልሎ የቆመው የእንጨት ማማ ዓለት መውቀጫው ነው። አሠራሩ ሙቀጫና ዘነዘና ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፦ ዐሥር የብረት ዘነዘናዎች በእንፋሎት ኃይል እየተነሡ እየወደቁ ዓለቱን ያደቅቁታል፤ ድቃቂው ከውሃ ጋር ሜርኩሪ በተቀባ የመዳብ ገበታ ላይ ሲፈስ ወርቁ ሜርኩሪው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1931 ድረስ ከዚህ ስፍራ ከ10,000 አውንስ በላይ፣ ማለትም ከ300 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ወርቅ ወጥቷል። ዙሪያውን ያለውን ተዳፋት ልብ ብሎ ለተመለከተ ዛፉ የሳሳ ነው፤ እንፋሎቱን ለማፍላት የተቆረጠው እንጨት እስከ ዛሬ አልተተካም። አጥሩን መዝለል፣ ወደ ጉድጓዶች መጠጋትና የዛገ ብረት እንኳ ቢሆን አንሥቶ መውሰድ ክልክል ነው። የአሮጌ ጉድጓድ አፍ ጠንካራ መስሎ ይናዳል፣ ውስጡም የታመቀ መጥፎ አየር ሊኖረው ይችላል። ከማውጫው የተደፋው አፈር መርዛማ ማዕድን ሊኖረው ስለሚችል ምሳ ለመብላት ራቅ ብሎ መቀመጥ ይሻላል።

ምሳው ከመከፈቱ በፊት ግን የውሃው መያዣ ይታይ። በመጡበት መመለስ 3.2 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ሲሆን ዙሪያውን መጨረስ ግን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ከያዙት ውሃ ግማሹ ካለቀ ወይም ከጓደኞች መካከል አንዱ ማነከስ ከጀመረ፣ ያለ ክርክር በመጡበት መመለስ ነው። በጋሪው መንገድ ጀምሩ ያልኩትም ይህ ምርጫ በጊዜ እንዲገኝ ነው፤ በተቃራኒው የዞረ ሰው ማውጫው ዘንድ የሚደርሰው ከባዱን ካለፈ በኋላ ነው።

ለመቀጠል የወሰነ ሰው መጀመሪያ ሸንተረሩን ይወጣል፤ ከዚያ የሚንሸራተት ጠጠር የሞላበት ቁልቁለት ይጠብቀዋል። እዚህ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ፣ እርምጃን አሳጥሮ፣ በሙሉ ውስጥ እግር መርገጥ ያስፈልጋል፤ ሶሉ የለሰለሰ ስኒከር ለዚህ አይሆንም። ምርኩዝ ያለው ቢይዝ አይጸጸትም። ዝቅ ሲል ኦፕቲሚስት ከተባለው ሌላ ማውጫ የተረፈ የድንጋይ ጭስ ማውጫ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በጆሹዋ ዛፎች መካከል ወደ መኪና ማቆሚያው ይመለሳል።

ማዕድኑን ከጀመሩት አንዱ የነበረው ጆኒ ላንግ የተቀበረው በኪይስ ቪው ጎዳና ዳር ነው። መቃብሩን ማየት የሚፈልግ መኪናውን ከአስፋልቱ ፈጽሞ አውጥቶ ያቁም፤ ያ ጎዳና ጠባብ ነው፣ ወደ ማታ ደግሞ ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት የሚወጣው መኪና ይበዛበታል።