ጎድኑ ለምን አልለሰልስ አለ? ችግርና መፍትሄ

ጎድን ቤት ሠርቶ እንግዳ ፊት ማቅረብ ደስ ይላል። አልታኘክ ሲል ግን ያሳቅቃል። እዚህ የምጽፈው በቤት ኦቨን ስለሚሠራ የበሬ ጎድን ነው። የበግ ከሆነ ጊዜውን በግማሽ ገደማ ቀንሱት።

ምልክት፦ ስጋው እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ከአጥንቱ አልላቀቅ ይላል

ምክንያት፦ አልበሰለም። ላዩ ቢጠቁርም፣ ሽታው ቢያውድም ገና ነው። ጡንቻውን ከአጥንቱ ጋር አጥብቆ የያዘው ነጭ ነገር ኮላጅን ይባላል። እሱ በደንብ የሚቀልጠው የስጋው ውስጥ ሙቀት ወደ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠግቶ ሲቆይ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። «ጠንክሯል፣ ካቆየሁት ይብስበታል» ብሎ ያወጣዋል። ለጥብስ ይህ ልክ ነው፤ ጎድን ግን የሚለሰልሰው ሲቆይ ነው።

መፍትሄ፦ መልሱት። 150 ዲግሪ ላይ፣ ትሪው ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጨምራችሁ በፎይል ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ከመጀመሪያው ሲቆጠር ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈልጋል። ሰዓት ብቻ አትመኑ። ሁለት አጥንቶች መሃል ሹካ ውጉ። ሹካው ስጋውን ይዞ ከተነሳ ገና ነው። ሰተት ብሎ ገብቶ ሰተት ብሎ ከወጣ ደርሷል። ስጋው ሸሽቶ የአጥንቱ ጫፍ ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል ደግሞ በጥሩ ምልክት ላይ ናችሁ።

አዲስ አበባ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተማችን ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፎይሉ ውስጥ ያለው እንፋሎትም ከዚያ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የውጭ አገር አዘገጃጀት 3 ሰዓት ሲል እኔ አንድ ሰዓት እጨምራለሁ።

ምልክት፦ ሁሉንም በትክክል አደረግኩ፣ አሁንም ጠንካራ ነው

ምክንያት፦ ስጋው የዛሬ እርድ ሊሆን ይችላል። አንድ ፋሲካ ጠዋት የታረደ በግ ጎድኑን ከሰዓት ኦቨን ከተትኩት። ቤቱ በጥብስ ቅጠል ሽታ ታወደ፤ ስጋውን ግን ጥርስ አልበላው አለ። ከብት ከታረደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጡንቻው ይገተራል፤ እስኪላላ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል።

መፍትሄ፦ የበግ ከሆነ አንድ ሌሊት፣ የበሬ ከሆነ 2 ወይም 3 ቀን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ሥጋ ቤቱን መቼ እንደታረደ ጠይቁ። ለጥሬ ስጋ ትኩሱን እንመርጣለን፤ ለጎድን ያደረው ይሻላል። ኦቨን ከመግባቱ በፊት ባለው ሌሊት ለአንድ ኪሎ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱበት። ጨው ውስጥ ድረስ ሲገባ ስጋው እርጥበቱን ይይዛል።

ምልክት፦ ከአጥንቱ ተላቋል፣ ግን ደረቅ ነው

ሳይሸፈን ቆይቷል፣ ወይም ጮማ የሌለው ነበር። ትሪው ላይ የቀረውን መረቅ አፍሱበትና ተሸፍኖ 15 ደቂቃ ይረፍ። ሌላ ጊዜ ጮማ ጣል ጣል ያለበትን ምረጡ።

ምልክት፦ በታች በኩል እንደ ላስቲክ የሚታኘክ ነገር አለ

በአጥንቱ በኩል ያለው ስስ ሽፋን ነው። ከመብሰሉ በፊት በቢላ ጫፍ ጥጉን አንሱና በሶፍት ይዛችሁ ሳቡት። እጅ ስለሚያንሸራትት ነው ሶፍቱ።

ምልክት፦ ላዩ አሮ መረረ

ምክንያት፦ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር ቶሎ ያራሉ። ከመጀመሪያው አትቀቡ። መጀመሪያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና የጥብስ ቅጠል ብቻ ይበቃል። አዋዜውን በትንሽ ማር አቅጥናችሁ ስጋው ከለሰለሰ በኋላ ቀቡትና ሳይሸፈን 220 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አቆዩት። ከሰል ካላችሁ በእሱ መጨረስ ይበልጣል። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ግራጫ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ጮማው ሲንጠባጠብ እሳት ከተነሳ ወዲያው ፈቀቅ አድርጉት።