ግሪድ ላይ ቴስቱ ረድፍ ሲጠፋበት

ይህ ድረ ገጽን በራሱ የሚፈትን ፕሮግራም (ቴስት) ለምትጽፉ ነው፤ ግሪድ የምለው ገጹ ላይ ያለውን ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። አይፍሬሙን (በገጹ ውስጥ የተከተተውን ሌላ ገጽ) አይታችኋል፣ ሎኬተሩንም (ኤለመንቱን መፈለጊያ አድራሻውን) ብራውዘሩ ላይ ሞክራችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክት፦ ረድፉን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ ሴሌኒየም (ብራውዘሩን የሚነዳው የቴስት መሣሪያ) ግን «የለም» ይላል።

አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። አንዴ 500 ረድፍ ያለበትን ግሪድ ቴስቱ ቆጥሮ 27 አለን። ዳታቤዙን ስንበረብር ሁለት ቀን ሄደ፤ ከዳታው አንድም አልጎደለም።

ምክንያት፦ እንደ ኤጂ ግሪድ ያሉት ዝግጁ የግሪድ ላይብረሪዎች ረድፉን ሁሉ ዶም (ብራውዘሩ የያዘው የገጹ የኤለመንቶች ዛፍ) ውስጥ አይከምሩም። የሚታየውንና ከላይ ከታች ጥቂት ትርፍ ብቻ ይይዛሉ፤ የኤጂ ግሪድ ትርፍ ካልነካችሁት 10 ረድፍ ነው። እናንተ ስክሮል አድርጋችሁ አያችሁት፣ ቴስቱ ግን አናት ላይ እንደቆመ ነው። «እኔ ጋ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ ይወድቃል» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ እዚያ መስኮቱ ያንሳል፣ የሚሳለውም ረድፍ ያንሳል።

መፍትሄ፦ ስሊፕ (ዝም ብሎ መጠበቂያ ትዕዛዝ) አትጨምሩ! ያልተሳለ ረድፍ አንድ ሰዓት ብትጠብቁትም አይመጣም። ስሊፕ በስሊፕ ላይ የተደረበበት ኮድ ሳይ ያመኛል። የግሪዱን ውስጠኛ ስክሮል ሳጥን ያዙ፤ የገጹን አይደለም። ከሳጥኑ ቁመት ባነሰ እርምጃ በጃቫስክሪፕት ዝቅ አድርጉት፣ በየእርምጃው እንደ አዲስ ፈልጉ፣ ስክሮል ቶፑ (ሳጥኑ ምን ያህል እንደወረደ የሚናገረው ቁጥር) አልነቃነቅ ሲል አቁሙ። ለቆጠራ አሪያ ሮውካውንትን (ግሪዱ ጠቅላላ የረድፍ ብዛቱን የሚጽፍበትን አትሪቢዩት) አንብቡ፤ ራስጌውንም ሊጨምር ስለሚችል ልብ በሉ። -1 ካለ ጠቅላላውን ግሪዱ ራሱም አያውቀውም። ወደ ጎን የራቁ ዓምዶችም እንደዚሁ ናቸው።

ምልክት፦ የተገኘው የሌላ ረድፍ ሴል ነው።

«ሦስተኛው ረድፍ» ብላችሁ በተራ ቁጥር ይዛችሁ ነዋ! ሶርት ከተደረገ በኋላ የዶሙ ቅደም ተከተል ከስክሪኑ ጋር ላይገጥም ይችላል። እንዲህ የተጻፈ ቴስት የማይሰረዘውን መዝገብ ሲሰርዝ አይቻለሁ፤ ደግነቱ የሙከራ ዳታ ነበር። በሮው አይዲና በኮል አይዲ (ግሪዱ ለረድፉና ለዓምዱ በሚሰጠው መለያ) ያዙ። ዳር ላይ የተሰካ ዓምድ ካለ ደግሞ አንዱ ረድፍ በተለያዩ ሳጥኖች ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ስሙን በግራው አግኝታችሁ በዚያው ወላጅ ሥር የሰርዝ በተኑን ብትፈልጉ አታገኙትም። የሮው ኢንዴክሱን (ግሪዱ ራሱ ረድፉ ላይ የጻፈውን ቁጥር) ከስሙ ሴል ረድፍ ውሰዱና በሌላው ሳጥን ፈልጉበት።

«ስቴል ኤለመንት» (የያዛችሁት ኤለመንት ከገጹ ላይ የለም የሚለው ስህተት) ከመጣ፦ ረድፉ እንደገና ተስሏል፤ ሎኬተሩን እንጂ ኤለመንቱን አታስቀምጡ።

ሻዶው ዶም (ከገጹ ተለይቶ የራሱ ዶም ያለው ክፍል) ከሆነ፦ ኤክስፓዝ (በዶሙ ዛፍ መንገድ የሚፈልገው ሎኬተር) አይገባበትም፣ በሲኤስኤስ ሎኬተር ግቡ።

ጽሑፉ ለዓይን አንድ ሆኖ ሲነጻጸር እኩል ካልሆነ፦ የማይሰበር ክፍት ቦታ (ተራ ክፍተት የሚመስል ሌላ ቁምፊ) ሊኖርበት ይችላል፤ የኤክስፓዙ ትርፍ ክፍተት ማጽጃ ኖርማላይዝ ስፔስ አያጠፋውም።