ስሪላንካን ፎቶ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስሪላንካ ውስጥ ፎቶ በአብዛኛው የሚበላሸው ካሜራው ገና ከቦርሳ ሳይወጣ ነው፦ ወሩ ያለ ስሌት ሲመረጥ፣ ሰዓቱ ሲያልፍ፣ መቆሚያው ቀድሞ ሳይታሰብ ሲቀር። የደሴቲቱ ስፋት 65,610 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዚህች ጠባብ መሬት ላይ ግን ከባሕር ዳርቻ እስከ 2,524 ሜትር የሚወጣ ተራራ፣ ሁለት የተለያዩ ክረምቶች፣ የሻይ እርሻ፣ የዝሆን መንጋና የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ተጨናንቀዋል። አንዱ ጋ ጥሩ የሆነው ቀን ሌላው ጋ ጨርሶ የማይሆን ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ወሮችም ሰዓቶችም በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ የስሪላንካ ነው፣ ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል።

«በጋው መቼ ነው?» ብሎ አንድ መልስ መፈለግ

ለመላው ደሴት የሚሆን አንድ በጋ የለም። ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናብ ያዘለው ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ይነሳና መካከለኛውን ተራራ ይመታል፤ ኮሎምቦ፣ ጋል፣ ሚሪሳና የተራራው ምዕራባዊ ገጽ ይረጥባሉ። በዚያው ሰሞን ከተራራው ጀርባ ያሉት ትሪንኮማሊና አሩጋም ቤይ ደረቅ ሰማይና ጸጥ ያለ ባሕር ይዘው ይቆያሉ። ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጣ ነገሩ ይገለበጣል፦ ምሥራቁ ይዘንባል፣ ደቡብና ምዕራቡ ይጠራል።

ስለዚህ ነሐሴ ላይ የሚሄድ ሰው ጉዞውን በምሥራቅ ዳርቻና በመሀሉ ደረቅ ሜዳ ላይ ቢመሠርት ይሻለዋል። በሚኔሪያ ፓርክ ዝሆኖች ውኃው በሸሸበት ኩሬ ዳር በመቶዎች የሚሰበሰቡትም ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ጥር ላይ የሚሄድ ደግሞ ደቡቡንና ተራራውን ይያዝ፤ ሚሪሳ ላይ ዓሣ ነባሪ የሚታየው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። በሁለቱ ክረምቶች መካከል ያሉት ወራት፣ በተለይ ጥቅምትና ኅዳር፣ በእጅጉ የሚያሳስቱ ናቸው። ጠዋቱ ብሩህ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይወርዳል፤ የአውሎ ነፋስ ወቅትም ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ዲትዋ የተባለው አውሎ ነፋስ በተራራማው ክፍል ከባድ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት አስከትሎ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል፤ የባቡር መስመሩንም ጎድቷል። ወደ ተራራው ከመጓዝዎ በፊት የትኛው መንገድና የትኛው ባቡር እንደሚሠራ ሆቴልዎን ደውለው ይጠይቁ።

ዝናብ ራሱ ጠላት አይደለም። ከዝናብ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት አየሩ ታጥቦ፣ ጉሙ ከሸለቆው እየተነሳ፣ የሻይ ቅጠሉ እያበራ የሚቆይበት ነው። ሆቴል ገብቶ ሻይ የሚጠጣ ሰው ይህን ያጣዋል።

ለአውሮፓ የተጻፈ የብርሃን ምክር ይዞ መሄድ

ብዙ የፎቶ ማስተማሪያዎች ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ ያለው ለስላሳ ብርሃን ረጅም ጊዜ እንደሚቆይ አድርገው ያወራሉ። ስሪላንካ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ6 እስከ 10 ዲግሪ መካከል ናት፤ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ቆይቶ ይጨልማል። አዲስ አበባም 9ኛው ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል፦ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ፣ ምሽትም 12 ሰዓት ገደማ። ያንን ልማድ ይመኑት።

በተግባር ሲታይ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ትራይፖድዎ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያው) ተተክሎ ሌንሱ ተስተካክሎ መገኘት አለበት። ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ለስላሳው ብርሃን አልቋል። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች፤ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ደግሞ በቀትር ቃል በቃል ከአናት በላይ ትቆማለች። ያን ሰዓት ለገበያ ዳስ ውስጥ፣ ለጫካ ውስጥና ለበረንዳ ሥራ ያውሉት፤ መልክዓ ምድርን ይተዉት።

መታየት ያለበት ነገር ላይ ወጥቶ እሱኑ መፈለግ

ሲጊሪያ ከሜዳው 180 ሜትር ያህል ተነጥሎ የቆመ አለት ነው፤ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ካሺያፓ ቤተ መንግሥቱን አናቱ ላይ ሠራ። ብዙ ሰው 1,200 ገደማ ደረጃ ወጥቶ አናቱ ላይ ሲደርስ በሌንሱ የሚያየው ዙሪያውን ያለ ጫካ ነው። አለቱ የለም፤ እግሩ ሥር ነዋ! አለቱን ለማንሳት በስተሰሜን ያለውን ፒዱራንጋላ ይውጡ። ጠዋት ከዚያ ወደ ደቡብ ሲመለከቱ ፀሐይ ከግራ መጥታ የአለቱን ጎን ትቀርጻለች። የመጨረሻዎቹ ሜትሮች በድንጋዮች መካከል በእጅ ተይዘው የሚወጡ ስለሆኑ ካሜራው በአንገት ላይ እየተወዛወዘ አይሆንም፤ ጀርባ ላይ በሚታዘል ቦርሳ ይግባ፤ የግንባር ባትሪም ያስፈልጋል።

ስሪ ፓዳ ላይ ያለው ስህተት ከዚህ ይለያል። ተራራው 2,243 ሜትር ነው፤ ተሳላሚዎች ሌሊቱን ሙሉ ይወጡታል። ወቅቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከዲሴምበር ሙሉ ጨረቃ እስከ ሜይ ሙሉ ጨረቃ ነው፤ ከዚያ ውጭ የደረጃው መብራት ይጠፋል፣ ጉምም ይበዛል። ከናላታኒያ መንደር በኩል ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ለንጋት ይደርሳል። ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ሰው ወደ ምሥራቅ ይጋፋል። አስደናቂው ነገር ግን ከጀርባቸው ነው፦ የተራራው ጥላ ፍጹም ሦስት ማዕዘን ሆኖ በምዕራቡ ጉም ላይ ይዘረጋል። የሚታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነውና ፀሐይዋን ሁለት ሦስቴ አንስተው ወዲያው ወደ ምዕራብ ይዙሩ።

ሆርተን ፕሌንስ በተባለው ከፍተኛ ሜዳ ላይ ያለው «የዓለም መጨረሻ» ገደል 870 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ከረፋዱ 3 ወይም 4 ሰዓት በኋላ ደመና ከሸለቆው ስለሚነሳ የሚታየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ኑዋራ ኤሊያ ከተማ አድሮ በር ሲከፈት መግባት ግድ ነው። ቦታው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ይቀዘቅዛል፤ «ሐሩር አገር ነው» ብሎ በቲሸርት የሚሄድ ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ካሜራውን መያዝ ያቅተዋል።

ካሜራውን ከቀዝቃዛ ክፍል በቀጥታ ወደ ውጭ ማውጣት

እኛ ደጋ የለመድን ሰዎች በቀላሉ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአየር ማቀዝቀዣ ክፍል ያደረ ሌንስ ዳርቻው ላይ ያለው ሞቃትና እርጥብ አየር ሲነካው ወዲያው ያልባል። በጨርቅ ቢጠርጉትም እንደገና ያልባል፤ መስታወቱ ገና ቀዝቃዛ ነውና። ይባስ ብሎ ሌንሱን በዚያ ሰዓት ቢፈቱት እርጥበቱ ውስጥ ይገባል፤ ሻጋታ የሚጀምረውም እንዲህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማታ ካሜራውን ከነቦርሳው መታጠቢያ ቤት ወይም ማቀዝቀዣው በማይደርስበት ቦታ ያሳድሩት። ያ ካልተቻለ አየር በማያስገባ ላስቲክ አስረው ይዘውት ይውጡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሳይከፍቱ ይጠብቁ፤ ጠሉ ላስቲኩ ላይ ይቀራል፣ ካሜራው ደረቅ ሆኖ ይሞቃል። ቦርሳው ውስጥ ሲሊካ ጄል ይጨምሩ፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ ትንሽ ከረጢት ናት።

አረንጓዴውንና ነጩን ለካሜራው ግምት መተው

የሻይ ቅጠልና የዘንባባ ቅጠል ገጻቸው አንጸባራቂ ነው። በዓይን አረንጓዴ የሆነው ተራራ በፎቶ ግራጫ የሚመስለው ቅጠሉ ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ ነው። ሌንሱ ፊት የሚገጠም ፖላራይዘር ማጣሪያ ያንን ብልጭታ ያነሳዋል፤ በኮምፒውተር ቀለም በማጉላት የሚገኝ ውጤት አይደለም። ዋጋው ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ነው (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)፣ ስለዚህ አይ.ኤስ.ኦውን፣ ማለትም የካሜራውን ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ ያድርጉ። በጣም ሰፊ ሌንስ (ከ24 ሚሊ ሜትር በታች) ላይ ሰማዩን አንድ ቦታ ጥቁር፣ ሌላ ቦታ ነጣ ያደርገዋልና ሰማይ ሲኖር ያውጡት።

ነጭ ልብስ ሌላ ወጥመድ ነው። በየወሩ ሙሉ ጨረቃ ላይ የሚውለው የፖያ ቀን በዓል ነው፤ ምእመናን ነጭ ለብሰው ቤተ መቅደስ ይሞላሉ። ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ የጠይም ሰው ፊት ይጠቁራል። ጥምቀት ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው ያነሳ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። ፊቱን በስፖት መለኪያ (አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው) ይለኩ፣ ወይም ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን መጠን) ከ+0.7 እስከ +1 ስቶፕ ከፍ ያድርጉ፤ በፋይል ረገድ ሮው (ያልተጨመቀውን ጥሬ ፋይል) ይምረጡ።

ፏፏቴ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ውኃውን ወተት ሊያደርግ ሲል ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መከለያ) 10 ሰከንድ ይከፍታል፤ ውኃው ቅርጽ ያጣል። እንደ ዲያሉማ ባለ 220 ሜትር ፏፏቴ ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሰከንድ ይበቃል።

ባቡሩና ድልድዩ

ከካንዲ ወደ ኤላ የሚሄደው ባቡር ላይ አየር ማቀዝቀዣ ያለውን አንደኛ ማዕረግ የሚይዝ ፎቶ አንሺ መስኮቱ እንደማይከፈት የሚያውቀው ከተሳፈረ በኋላ ነው። የሚያገኘው የራሱን ፊት ነጸብራቅ ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማዕረግ ይያዙ። የሻተር ፍጥነቱን ከ1/500 ሰከንድ አያውርዱ። በር ላይ ተንጠልጥሎ መነሳትን በተመለከተ፦ ዛፍ፣ ምሰሶና ዋሻ ከመስመሩ በክንድ ርቀት ላይ ናቸው፣ በዚህ ምክንያት የሞቱ ቱሪስቶችም አሉ። መታጠፊያ ሲመጣ ከመስኮት ውስጥ ሆነው ከፊት ያሉትን የባቡሩን ፉርጎዎች ማንሳት ይቻላል፤ ለዚህ የመጨረሻዎቹ ፉርጎዎች ይሻላሉ።

ኤላ አጠገብ ያለው ባለ ዘጠኝ ቅስት ድልድይ በ1921 እ.ኤ.አ. በድንጋይ፣ በጡብና በሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ ከፍታው 24 ሜትር ያህል ነው። ሐዲዱ ላይ ቆሞ ማንሳት ቅስቶቹን ይደብቃል። ከፍ ብሎ ካለው የሻይ ተዳፋት ላይ ሆነው ከጎን ያንሱ። በቀን የሚያልፉት ባቡሮች ጥቂት ናቸው፣ ይዘገያሉም፤ ኤላ ጣቢያ ጠይቀው ቢያንስ አንድ ሰዓት ለመጠበቅ ይዘጋጁ።

ሰውን እንደ መልክዓ ምድር መቁጠር

የሻይ ለቃሚ ሴት ክፍያ ከለቀመችው ኪሎ ጋር የተያያዘ ነው። ለፎቶ ያቆሟት እያንዳንዱ ደቂቃ ከደሞዟ ላይ ሊነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ወደሚመዘንበት ቦታ ሄዶ መጠበቅ ይሻላል። በዚያ ሰዓት ቆመው ይጨዋወታሉ፣ ፊታቸውም ይታያል። ሌላው የተለመደ ስህተት በሲንሃላ ሰላም ማለት ነው። በእርሻዎቹ ላይ የሚሠሩት አብዛኞቹ ታሚልኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ «ቫናካም» ይበሏቸው። «አዩቦዋን» ለሲንሃላ ተናጋሪው ነው።

ሲጠይቁ ሰው ራሱን ወደ ጎንና ጎን ቢያወዛውዝ እምቢታ መስሎዎት አይሂዱ፤ ብዙውን ጊዜ «እሺ» ማለቱ ነው። ጨዋታ መክፈቻ ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ አንድ ጥሩ በር አለ፦ ብዙ ስሪላንካውያን እንደ እኛ እህቶች በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ ሠርተዋል። የባጃጅ ሹፌርን በአረብኛ ሰላም ብለው ያዩ ብዙ ጊዜ ይገረማሉ።

ኮጋላ አካባቢ በእንጨት ላይ ተቀምጠው ዓሣ የሚያጠምዱት ሰዎች ዛሬ በአብዛኛው ገቢ የሚያገኙት ከፎቶ ነው። ይህን ማወቅ እንጂ መናደድ አያስፈልግም፤ ሞዴል ናቸው፣ ሞዴል ይከፈለዋል። ገንዘቡን ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ይስማሙ፤ ለስንት ሰውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጭምር። ከዚያ ዝቅ ይበሉ፤ ቆመው ቢያነሱ የአድማሱ መስመር አንገታቸውን ይቆርጠዋል። ሁለት እንጨቶች ከተደራረቡም አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይበቃል።

ለቡድሃ ጀርባ መስጠት

በኢትዮጵያ ለታቦት ጀርባውን ሰጥቶ ሰልፊ የሚያነሳ እንደሌለ ሁሉ፣ እዚህም ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ መነሳት ነውር ነው፤ ሕግም ይከተለዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ሐውልት እየሳሙ የተነሱ ሦስት ፈረንሳውያን ፎቶው ጋል ውስጥ ሊታተም ሲል ተይዘው የታገደ እስራት ተፈርዶባቸዋል። የቡድሃ ንቅሳት ካለዎት ይሸፍኑት። ሲጊሪያ ያሉትን የግድግዳ ሥዕሎች ማንሳት ያለ ፍላሽም ክልክል ነው። ቤተ መቅደስ ሲገቡ ጫማና ኮፍያ ይወልቃል፤ በቀትር ድንጋዩ እግር ያቃጥላልና ወፍራም ካልሲ ይያዙ። ማንም አይከለክልዎትም።

ድሮንና ጨው

ድሮን ለማብረር ከአገሪቱ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ብሔራዊ ፓርክና ወታደራዊ ቦታ ላይ አይሞከርም። «አንድ ደቂቃ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

የባሕር ነፋስ ጨው ያዘለ ነው፤ ደርቆ ሲቀር ሌንሱን ደረቅ ጨርቅ ይዞ መጥረግ ይጭረዋል። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ በጥቂቱ የረጠበ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ። ትራይፖድ አሸዋ ውስጥ ከገባ የላይኛውን እግር ብቻ ከመዘርጋት ይልቅ የታችኛውን ዘርግተው የላይኛውን ዝግ ያድርጉት፤ መገጣጠሚያው ከውኃው በላይ ይሆናል። ማታ ሆቴል ሲደርሱ እግሮቹን ፈተው በቧንቧ ውኃ ያጥቡና በክፍት ቦታ ያድርቁ፤ በማግስቱ ቅባት ሳይቀቡ አይዝጉት።