ከጉበት የጨረር ሕክምና በፊትና በኋላ ጡንቻን መጠበቅ

ከባሕር ዳር ለጉበት ካንሰር የጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ የሚያስጨንቀው ቀጠሮውና የትራንስፖርቱ ነገር ነው፤ የክንዱና የጭኑ መመንመን ግን ከበሽታው ጋር የሚመጣ ተራ ነገር ተደርጎ ይታለፋል። ሐኪሞች ሳርኮፔኒያ የሚሉት ይህ የጡንቻና የጉልበት መቀነስ ያለባቸው ሕመምተኞች ከጨረሩ በኋላ የመኖር ዕድሜያቸው አጭር ሆኖ መገኘቱን በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። አብዛኞቹ የቆዩ የሕክምና መዝገቦችን የመረመሩ ስለሆኑ ጡንቻን መመለስ ዕድሜን ያራዝማል ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር አይበቁም፤ ሆኖም ዝግጅቱን ምርመራው ከታወቀበት ቀን መጀመር ተገቢ ነው እላለሁ።

በሚዛን ብቻ መተማመን አይገባም። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው ጡንቻው እያለቀ ኪሎው ሊጨምር ይችላልና። በልብስ ሰፊ ሜትር የላይኛውን ክንድ፣ በትከሻና በክርን መካከል፣ በየሁለት ሳምንቱ ለክቶ መጻፍ ይጠቅማል። በተጨማሪም እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር 5 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ከ15 ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ከሆነ ጉልበት መድከሙን ያመለክታል። ቀድሞ የተነሣ የሆድ ሲቲ ስካን ካለ ሲዲውን ይዞ መሄድና በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ ደረጃ ጡንቻው ይታይልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህ ብቻ ሌላ ምስል ማንሣት አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚበልጠው የሌሊቱ ጉዳይ ነው። በሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ በጠባሳ ሲሆን) የደደረ ጉበት ስኳር አጠራቅሞ ማቆየት ስለማይችል፣ የአንድ ሌሊት ባዶ ሆድ ጤነኛ ሰው 2 ወይም 3 ቀን ከጾመው ጋር ይመሳሰላል፤ ሰውነትም የጎደለውን ከጡንቻ ይቆርጣል። ስለዚህ እራቱን በጊዜ የበላ ሕመምተኛ ሊተኛ ሲል በወተት የተበጠበጠ በሶ ወይም አንድ ኩባያ አጥሚት ይውሰድ፤ ጠዋትም በባዶ ሆድ ቡና ጠጥቶ እስከ ረፋድ አይቆይ። የስኳር ሕመም ያለበት መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። በጾም ወቅትም የንስሐ አባትን አስቀድሞ ማማከር ይገባል።

«ጉበት ያመመው ፕሮቲን አይብላ» የሚለው ምክር ጎጂ ነው። የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ነው፤ ውኃው ሳይቆጠር 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 75 ግራም ይሆናል። መዳፍ የሚያክል የበሰለ የጣና ቆሮሶ ወይም አምባዛ (100 ግራም ገደማ) ከ20 ግራም በላይ ይሰጣል፤ አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል ያክሉበታል፤ ቀሪውን ሽሮና ምስር ይሞሉታል። አእምሮ የመደናገር ችግር የገጠመውም ቢሆን ፕሮቲን አይከልከል፤ ከሥጋ ይልቅ ጥራጥሬና ወተት ይስማማዋል። በሐይቁ ዳር የተለመደው ጥሬ ዓሣ ግን ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ፈጽሞ አይሆንም፤ ኢንፌክሽኑ ከሌላው ሰው ይልቅ እርሱን ይጎዳል። ሆድ ውኃ ከቋጠረ ጨው ይቀነስ፤ ጠላና አረቄ ይቅሩ።

ምግቡ ጡንቻ የሚሆነው ከእንቅስቃሴ ጋር ነው። ፀሐይ ሳይበረታ በጣና ዳር መራመድ፣ ቤት ውስጥም ከወንበር እየተነሡ መቀመጥ ይበቃል። ምግብ ወደ ሆድ የሚያወርደው ቧንቧ ደም ሥሩ ያበጠ መሆኑ የተነገረው ሰው ከባድ ዕቃ አያንሣ። ለመንገዱ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ይያዝ፤ መኪናው ምሳ እስኪቆም መጠበቅ አያስፈልግም።

በሕክምናው ሳምንታት ድካምና የምግብ ጥላቻ ሲመጣ ሦስቱን ማዕድ ለስድስት ከፍሎ ጥቂት በጥቂት መብላት ይቀላል፤ ማቅለሽለሹ ከበረታ መድኃኒት እንዲታዘዝ መጠየቅ ነው። ከተመለሱ በኋላም የክንዱ ልኬት ይቀጥል፤ ቁጥሩ በተከታታይ ከወረደ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ይታይ። የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሆድ በፍጥነት መነፋት፣ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስ ወይም የንግግር መደናገር ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።