ከሥዕል ወደ ንግግር፦ ለተግባቦት አሠልጣኞች

ሥነ ጥበብ ሲያስተምሩ የቆዩና አሁን ሰዎችን በተግባቦት ክህሎት ማሠልጠን የሚፈልጉ ሁሉ ሥራውን ከዜሮ የሚጀምሩ ሊመስላቸው አይገባም፤ ተማሪው በቀለምና በመስመር የገለጸውን ስሜት ሳይፈርዱ መመልከትና ተገቢውን ጥያቄ መጠየቅ የዚህም ሙያ መሠረት ነውና።

ሠልጣኙ ከሥራ ባልደረባው ወይም ከቤተሰቡ ጋር ያልተግባባበትን ጉዳይ ከመተረኩ በፊት፣ ስሜቱን በወረቀት ላይ በቀለምና በመስመር ብቻ ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲያሰፍር ያድርጉ። (የሥዕል ችሎታ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጥሩ ሠዓሊዎች ስለ ውበቱ ስለሚጨነቁ ይበልጥ ሊቸገሩ ይችላሉ።) ከዚያም «ይህ ምን ማለት ነው?» ከማለት ይልቅ «እዚህ ላይ መስመሩ ደምቋል፤ ሲሥሉት ምን ተሰማዎት?» ብለው ይጠይቁ፤ ትርጉሙን ግን እርስዎ አይስጡ። ስሜቱ ስም ሲያገኝ፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻል ሮዘንበርግ ባስተዋወቀው ቅደም ተከተል፣ ማለትም ያዩትን በመናገር፣ ስሜትን በመግለጽ፣ ፍላጎትን በማስረዳትና በመጨረሻም ሌላው ሰው እንዲያደርግ የሚፈልጉትን በግልጽ በመጠየቅ፣ ሥዕሉን ለሚመለከተው ሰው ሊነገር ወደሚችል ንግግር እንዲለውጠው ያግዙት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሁለተኛው ደረጃ፣ ማለትም ስሜትን በመግለጹ ላይ ነው፤ «ችላ እንደተባልኩ ይሰማኛል» የሚለው አነጋገር ስሜት ቢመስልም በሌላው ላይ የተሰነዘረ ፍርድ ሲሆን፣ «አዝኛለሁ» ወይም «ፈርቻለሁ» የሚለው ግን የተናጋሪው የራሱ ስሜት ነው። በዚህ ልዩነት ላይ ሳይቸኩሉ ደጋግመው ያለማምዱት።

በሥዕሉ ሂደት ከባድ የሥነ ልቦና ጉዳት ከተቀሰቀሰ ግን ልምምዱን አቁመው ሰውየውን ወደ ሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ ይምሩት።